«ጥሩ ነው» የማይባልበት ቢራ

በእኛ አገር ሞት በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል፣ ቀጥሎ «እስቲ ብቅ ብትዪ» ይባላል፣ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። ማርታ ግን ባምቢስ ጋ ያለው ሥራ ቦታዬ ቆሜ የአንድ ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ደወለችና «አባዬ ዛሬ ጠዋት ሞተ» አለችኝ። «አረፈ» እንኳን አላለችም። ወዲያው «እሱ ነው እንዲህ በዪ ያለኝ። ‹ለእሷ ዙሪያ ጥምጥም እንዳትሄዱባት› ብሎ ነው» አለችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። ከተኮራረፍን ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደንበኛው «እህት፣ ኮፒው ጠቆረ እኮ» ሲለኝ ነው የት እንዳለሁ ያወቅሁት።

አባቷ ጋሽ ግዛው ናቸው። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፎቅ ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሰውዬ፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ ሳይሆን ካቻቢቴ ነው የሚሰኩት። ጆሯቸውን ያላስጠጉበት ነገር አልነበረም። የሰው ፍሪጅ ከወትሮው ለየት ብሎ ካጉረመረመ «ይቅርታ፣ ቤቶች» ብለው ዘው ይላሉ፣ ጀርባው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰማሉ፣ «ደህና ነው፣ ብሎን ነው የላላው» ብለው ይወጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ወሬኛ ይመስሉኝ ነበር። ሲቆይ ግን ገባኝ፤ ወሬኛ ስለ ሰው ነው የሚጠይቀው፣ እሳቸው ስለ ነገር ነው።

ቢራ የጀመሩትም በዚሁ አመላቸው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ሆቴል ሊፍቱ ቆሞበት ይጠሯቸዋል። ሠርተው ሲጨርሱ በትልቅ ብርጭቆ ደፍረስ ያለ የስንዴ ቢራ ይጋበዛሉ። ጎንጨት ሲያደርጉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የሚያውቁት ቅመም አለ። «ይሄ ድምብላል ነው። ድምብላል ቢራ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው አስተናጋጁን ይጠይቁታል። «ጋሼ፣ የእኔ ሥራ ማቅረብ ነው» ይላቸዋል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጣቸው! የማርታን ስልክ ቀምተው ዩቲዩብ ላይ ተደፉ። እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው «እስቲ አቁሚው፣ ወደኋላ መልሺው» እያሉ ልጅቷን አሰለቿት።

ቤታቸው ውስጥ የነበረውን ትርምስ ብታዩት! ስንዴው በባልዲ ይነከራል፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። ብቅሉ ተከክቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይገባና ድስቱ ሙቀቱ እንዳይሸሽ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ሆፕ የሚሉትን የፈረንጅ ጌሾና የታሸገ እርሾ የእህታቸው ልጅ ከውጭ ትልክላቸዋለች፤ ቅመሙ ግን ከዚሁ ከሰፈር ሱቅ ነው፦ ድምብላል፣ ኮረሪማ፣ ጦስኝ፣ ጠጅ ሳር፣ ሻይ ቅጠል። ከዚያ ጀሪካኑ ጥግ ላይ ሆኖ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ጋሽ ግዛው ተንበርክከው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። «ይተነፍሳል» ይሉናል ደስ ብሏቸው።

«ብርድ ልብሴን ለድስት አለበሰው! እኔ እየበረደኝ ድስቱ ይሙቀው!» ትላለች ሚስታቸው እትዬ ሙሉ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ጠላ ከሆነ ያማረህ እኔ እጠምቅልህ የለ? ይሄ የፈረንጅ ጠላ ምን ያደርግልሃል?»

«ጠላማ ታውቂዋለሽ። ይሄን ግን አናውቀውም» ይሏታል። ለእሳቸው ይህ በቂ ምክንያት ነበር።

እኔና እሳቸው የተቀራረብነው ማርታ የተመረቀች ዕለት ነው። ጎረቤት ብሆንም እስከዚያ ድረስ ከሰላምታ አላለፍንም ነበር። ለድግሱ «በገዛ እጄ የጠመቅሁት ቢራ» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አስወርተዋል። ብቅሉን ለማስከካት ወፍጮ ቤት ይወስዱታል። ወፍጮ ቤት ደግሞ እንደምታውቁት የእህሉ ሌላ፣ የበርበሬው ሌላ ነው። በዚያን ቀን የእህሉ ወፍጮ ተበላሽቶ ኖሮ ባለወፍጮው «ጋሼ፣ የበርበሬውን ጥርግ አድርጌዋለሁ፣ ምንም አይል» ይላቸዋል። አመኑት። እኚያ ብሎን በድምፅ የሚለዩ ሰውዬ፣ የበርበሬ ወፍጮ በመጥረጊያ እንደማይጠራ እንዴት እንደጠፋባቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቢራው ሲቀዳ ዓይን ይማርካል። ወርቅማ ነው፣ አረፋው ከብርጭቆው አፍ ከፍ ብሎ ይቆማል። የእድሩ ሰብሳቢ ቀድመው ጎንጨት አደረጉ። ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው ረጠበ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ግሩም ነው!» አሉ። ቀጥሎ ያሉት ሰውዬ «እጅህ ይባረክ» ብለው ሳላቸውን በመሀረብ አፈኑ። አንዲት እናት «ደረት ያፍታታል» አሉ። አንዱ ደግሞ እንባውን እየጠረገ «ልጅ ማስመረቅ እኮ ደስ ይላል» አለ። ጋሽ ግዛው ማንቆርቆሪያውን ይዘው እየቀዱ፣ እሳቸው ገና አልቀመሱም፣ በየሰው ፊት ላይ እያዩ ደስታቸውን አልቻሉትም።

እኔ ደግሞ አፌ አያስችለኝም። እናቴ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» እያለች ያሳደገችኝ፣ ኋላም «ይሄ አፍሽ ነው ባል ያሳጣሽ» የምትለኝ ሰው ነኝ። አንዴ ጎንጨት አደረግሁና ትን አለኝ። «ጋሽ ግዛው! ይሄ ነገር በርበሬ አለው!» ብዬ ጮህኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ጋሽ ግዛው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፣ ብርጭቆዬን ከእጄ ወሰዱ፣ ቀመሱ፣ አሰቡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ።

«የቱ ጋ ነው ያቃጠለሽ? ምላስሽን ወይስ ጉሮሮሽን?»

«ጉሮሮዬን።»

«ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?»

«ቆይቶ። መጀመሪያ ብርቱካን አለኝ፣ ከዚያ ነው የለበለበኝ።»

«ወፍጮው!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እናንተስ? ምነው ዝም አላችሁ?»

የእድሩ ሰብሳቢ አቀረቀሩ። «እኛማ… እንደዚያ ነው የሚሠራው ብለን ነው» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሙሉ ስቃ ስቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ግዛው ግን ብዙም አልሳቁም፤ እያለቀሱ «ግሩም ነው» ያሏቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሲያዩ ትዝ ይለኛል።

በነጋታው በሬን አንኳኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ምላሴ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ስሜ በዚያው ቀረ። በግቢው ሲገቡ «ምላሴ አለች?» ነው የሚሉት።

ሥራዬ ቅምሻ ነበር፣ ቅምሻው ግን ሕግ አለው። «ጥሩ ነው» ክልክል ነው። «አሪፍ ነው» ክልክል ነው። «‹ጥሩ ነው› ካልሽኝ ወዴት እሄዳለሁ? በር ዘጋሽብኝ እኮ» ይላሉ። «አስቀያሚ ነው» ማለትም ዋጋ የለውም። በሻይ ቅጠል የጠመቁትን ቢጫ ቢራ መጀመሪያ ያቀመሱኝ ጊዜ «ይመራል» ብዬ ብርጭቆውን መለስኩላቸው። ይህን ፈረንጆች ብሎንድ የሚሉትን ቢራ እሳቸው «ቀይዋ» ነው የሚሉት፣ ቆዳዋ ፈካ ያለ ሴት ቀይ እንደምትባለው።

«ምን ዓይነት መራር?» አሉኝ።

«መራር ነዋ፣ ጋሼ! መራር ስንት ዓይነት አለው?»

«እንዴ! የኮሶ አለ፣ የግራዋ አለ፣ ያረረ ሽንኩርት አለ፣ ያልበሰለ ሎሚ ነጩ ልጣጭ አለ። የቱ ነው?»

ደግሜ ቀመስኩ። «ምድጃ ላይ ተረስቶ የከረመ ሻይ። ምላስ ያደርቃል።»

ፊታቸው በራ። ሻይ ቅጠሉን የፈላ ቢራ ውስጥ ነበር የከተቱት። ለሚቀጥለው በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ጠጅ ሳር ጨምረው፣ ውሃውን ብቻ መጨረሻ ላይ ገለበጡበት። ይሄኛው ሲቀርብልኝ ቀምሼ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣሁት። «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ያለውን…» ብዬ ስጀምር በእጃቸው አቋረጡኝ። «እሱ ቅኔ ነው። ቅኔ ከፈለግሁ ደብር እሄዳለሁ። እኔ የጠየቅሁት ምላስሽን ነው።»

እትዬ ሙሉ ይሄን ጥያቄያቸውን አትወደውም ነበር። «ምን ዓይነት፣ ምን ዓይነት! ወጥ ሳቀርብለትም እንዲሁ ነው። ‹ጨው በዛበት እንዴ?› ስለው አዎ አይልም እንደ ሰው፣ ‹ምን ዓይነት መብዛት ነው› ይለኛል! አንድ ቀን በጭልፋ ነው የምለው» ትላለች። ቢራውንም አንድ ቀን በአፏ አላዞረችውም። ከሁላችን ይልቅ የእሷን ቃል እንደሚፈልጉት አውቃለሁ፤ በሰፈሩ ለበርበሬ ድልህና ለሽሮ የሚጠራው የእሷ እጅ ነበረና። እሷ ግን «እኔ የማላውቀውን አልቀምስም» ብላ ቀረች።

እኔ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከቤትም ከሥራም «ዝም በዪ» ሲባልብኝ የኖረ አፌን «እስቲ ተናገሪ፣ ጨምሪ፣ በደንብ በዪው» ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ስለ ሰው ብቻ ይመስልሻል? ቢራም እንደዚያው ነው» ይሉኛል። ስናገር ሰው የሚቀየመኝ ሰነፍ ስለሆንኩ፣ ሳላይ በጅምላ ስለምናገር እንደነበር ያወቅሁት ከእሳቸው ብርጭቆ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ግቢያችንም ወፍጮ ቤቱም ሄደ። እኔ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ እነ ጋሽ ግዛው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። «ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ አወጡኝ፣ እኔን!» ብለው ሲስቁ ትዝ ይሉኛል። ጠመቃውን አልተዉም። አዲስ ሲደርስላቸው በታክሲ ይመጡና መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። ቢራውን በፔርሙዝ ነው የሚያመጡት፣ ሰው ሻይ እንዲመስለው። ስፖርት የሚሠራው ወጣት በፊታችን ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ እኔና እሳቸው በፔርሙዝ ክዳን እየተቀባበልን «ጦስኙ ቀደመ»፣ «ኮረሪማው ጫማ ቀለም ጫማ ቀለም አለኝ» እንባባላለን። ሰው ቢሰማን እብድ ነው የሚለን።

አንድ ሰሞን ቀሩ። ደረጃው ከበዳቸው ተባለ። ከዚያ ማርታ ደወለች።

«ሐኪሞቹ ለእኛ ነገሩን። ጉበቱ ነው፣ በቃ… ተስፋ የለውም አሉ። እሱ ጨጓራ መስሎታል፣ አልነገርነውም። ሊያይሽ ይፈልጋል። ስትመጪ ምንም እንዳትይው፣ በማርያም!»

«እሞክራለሁ» አልኳት።

ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ያየሁትን ሰው አላወቅሁትም ነበር። ጋቢ ተከናንበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ትከሻቸው የልጅ ትከሻ ሆኗል። «ምላሴ መጣች!» አሉ ግን፣ ድምፁ ያው የእሳቸው ነው። ሁለት ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጥተው ነበር። «ዛሬማ አማረባቸው፣ ካለፈው ሳምንት እጅግ ተሽሏቸዋል» አሉኝ። እትዬ ሙሉ «አዎ፣ ምግብም ጀምሯል» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ። ጎረቤቶቹ ሲሄዱ ጋሽ ግዛው በእጃቸው ምልክት ሰጡና ማርታ እሳቸው በሕመም እንደምንም የጠመቁትን የመጨረሻ ቢራ ቀዳችልኝ። ስትሰጠኝ በዓይኗ ለመነችኝ።

ቀመስኩ። መጥፎ ነበር። «ሳንቲም ሳንቲም ይላል፣ ጋሼ» አልኩ። ማርታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ዓይነት ሳንቲም?» ከሶፋው ቀና አሉ።

«ልጅ ሆነን አፋችን ውስጥ የምንከተው ዓይነት። የዛገ።»

«ድስቱ ነው! የውስጥ ቅቡ፣ ኢናሜሉ፣ ተልጦ ነበር፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉና ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ የከሰለ ፊታቸው ለትንሽ ጊዜ የድሮው ሆነ። ከዚያ ማርታን ሎሚ እንድትገዛ ላኳት፣ እትዬ ሙሉ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለታችን ቀረን።

«ቢራውን ነገርሽኝ። እኔስ እንዴት ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ምን?»

«የሚመጣው ሁሉ ‹አማረብህ፣ ተሻለህ› ይለኛል። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ይሰማኛል፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ያን የበርበሬውን ቢራ እንደጠጡት ነው የሚጠጡኝ። እያቃጠላቸው ‹ግሩም ነው› ይሉኛል። አንቺ ያኔ ጮኸሻል። አሁን ለምን ዝም ትያለሽ?»

ማርታን አሰብኩ። በማርያም ነው ያለችኝ። ነገር ግን ከፊቴ ያሉት ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠይቀው፣ የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልስላቸው አጥተው ተቀምጠዋል። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ከስተዋል፣ ጋሼ። በጣም ከስተዋል። ዓይንዎ ቢጫ ሆኗል። የሚድኑ አይመስለኝም።»

ጋሽ ግዛው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ «ምን ዓይነት ቢጫ?» አሉኝ።

ተናደድኩባቸው! እያለቀስኩ ተናደድኩባቸው። «የቀይዋ ዓይነት!» አልኳቸው።

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙና «እግዜር ይስጥሽ። አሁን የቱ ፎቅ ላይ እንዳለሁ አወቅሁ» አሉኝ። ማርታ ሎሚውን ይዛ ስትገባ ሁለታችን እያለቀስን እየሳቅን አገኘችን። ወዲያው ገባት። እሳቸው ግን አላስተነፈሷትም። «ማርታ፣ ስንዴ አለ? ከሌለ ዛሬውኑ ግዢ። ማብቀል ጊዜ ይወስዳል» አሏት።

ማርታ እስከ በር ሸኘችኝ፣ ደረጃው ላይ ስንደርስ «አንቺን ማን ሹም አደረገሽ? አባቴን ገደልሽው» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ረዳቱ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳችልኝም፣ እሳቸውንም ዳግም አላየኋቸውም። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ ልክ ነበረች እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ይሄ አፌ በመጨረሻ የምወደውን ቤት አሳጣኝ እያልኩ፣ እስከዚያች ስልክ ድረስ።

አርባቸው ዕለት ድንኳኑ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ተተክሏል። የእትዬ ሙሉ ጠላ አለ፣ ከጠላው ጎን ደግሞ በቆርኪ የታሸጉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ማርታ ከል ለብሳ መጣችና አጠገቤ ቆመች። «እኔ ነኝ የጠመቅሁት» አለችኝ። «አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሶፋው ላይ ሆኖ አስተማረኝ። ስንዴውን በእጁ እየዳበሰ፣ ‹ጀሪካኑን ጆሮዬ አጠገብ አምጪልኝ› እያለ። ‹ለምኑ ነው?› ስለው ‹ለአርባዬ› አለኝ። ‹ጊዜዬ ማጠሩን ባላውቅ ኖሮ ለነገ እለው ነበር፣ አሁን ስላወቅሁ ነው› አለኝ። ያኔ… ያኔ የተናገርኩሽን…»

«ተዪው» አልኳት።

ቀዳችልኝ። ዙሪያችን ያሉት ቀምሰዋል። «ግሩም ነው!» ይላል አንዱ። «የአባቷ እጅ ነው፣ ቁርጥ!» ይላል ሌላው። ማርታ ማንንም አትሰማም፣ እኔን ብቻ ነው የምታየው። ዓይኗ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እንዲህ ላለች ልጅ፣ በዚህ ቀን፣ «ጥሩ ነው» ቢባል ምን ነበረበት? ቀመስኩ። ስንዴው ልክ ነው፣ ብርቱካኑ መጣ፣ ሄደ። ሌላ ነገር ግን አለ።

«ድምብላሉ በዝቷል» አልኩ።

«ኧረ ልጄ፣ በዚህ ቀን እንኳን!» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ። ወዲያው እትዬ ሙሉ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችው። አሸተተችው። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎንጨት አድርጋ አፏ ውስጥ አዟዟረችው።

«ምን ዓይነት መብዛት?» አለችኝ። «ሲፈላ የገባ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ?»

ማርታ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች።